ቀብድ የተከፈለበት ተርኪ

አማቴ ከመኪናው እንደወረዱ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የጥቅምት ቅዳሜ ነው፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከሊስበርግ ከተማ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ እርሻ በር ላይ ቆመናል። ከሽቦ አጥሩ ወዲያ መቶ የሚሆኑ ተርኪዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩናል፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ተከትለው ይጮኻሉ። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን ዶሮ የገዙ ሴት ናቸው። ሾላ ገበያ አንድ ዶሮ ለመግዛት አሥር ዶሮ ያስጨንቃሉ፦ በክንፉ አንጠልጥለው ይመዝናሉ፣ ደረቱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ላባውን እፍ ብለው ቆዳውን ያያሉ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ከሆነ ዋጋውን እንኳ ሳይጠይቁ ያልፋሉ። እናም እንደ ልማዳቸው የአጥሩን በር ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱ።

ገበሬዋ በትሕትና፣ ግን ፈጠን ብላ፣ መሃል ገባች። መግባት አይቻልም። በሩ ሥር የተቀመጠውን፣ መድኃኒት የተሞላበትን ገበቴ አሳየችን፤ እሷ ራሷ የምትገባው ቦት ጫማዋን እዚያ ውስጥ ነክራ ነው። ነገሩን ለአማቴ ተረጎምኩላቸው፦ የወፍ ጉንፋን አለ፣ በሰው ጫማ ከእርሻ ወደ እርሻ ይሄዳል። በየካቲት 2022 ኢንዲያና ውስጥ አንድ የተርኪ እርሻ ላይ ከተገኘ ወዲህ በየግዛቱ እየዞረ ብዙ እርሻ ባዶ አስቀርቷል፤ ተርኪ ደግሞ ለዚህ በሽታ በጣም ስስ ነው።

«እና ሳልዳብሰው ነው የምገዛው?»

«አዎ እማማ። ደግሞ ዛሬ አይሰጡንም። ዛሬ ቀብድ ከፍለን እንሄዳለን፤ በምስጋና ቀን በዓል ሳምንት ታርዶ፣ ተመዝኖ እንወስዳለን።»

«ቀብድ? ለዶሮ?»

ለቤት፣ ለአዳራሽ፣ ለድንኳን ቀብድ ይከፈላል። ለዶሮ ቀብድ መክፈል እሳቸው በኖሩበት ዓለም ሰው የሚስቅበት ነገር ነው። እኔም አሜሪካ በመጣሁበት ሰሞን እንደሳቸው ነበርኩ። አሁን ግን ለበዓል ተርኪ ከየት እንደሚገዛ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ነገር ከዚሁ ቀብድ ይነሳል። እዚህ አገር እጅ የሚሠራው ሥራ ወደ አፍ ተዛውሯል፤ ደረት መዳበስ ስለማይቻል መጠየቅ ግድ ነው። ሻጩም ጥያቄውን መመለስ ካልቻለ፣ መደብሩ ላይ የተለጠፈው የቀይ ጎተራ ሥዕል ምንም ያህል ቢያምር፣ የተርኪውን ታሪክ አያውቀውም ማለት ነው።

እኛ ሐበሾች ከመግዛታችን በፊት ደግሞ ሌላ የምንፈታው እንቆቅልሽ አለ፤ የቀን መቁጠሪያው። አብርሃም ሊንከን በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሃል፣ የምስጋና ቀን የኖቬምበር የመጨረሻ ሐሙስ እንዲሆን አወጁ። በ1941 ኮንግረሱ አራተኛው ሐሙስ ብሎ በሕግ አጸናው። ስለዚህ በዓሉ ከኖቬምበር 22 አይቀድምም፣ ከ28ም አያልፍም። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈች ዓመት ደግሞ 25። ሁለቱን ደራርቦ ያየ ሰው ይገባዋል፦ በአብዛኛው ዓመት አሜሪካ ተርኪ ስትቆርስ ተዋሕዶው ጾም ይዟል። በ2023 በዓሉ ኅዳር 13 ቀን ውሎ አመለጥን፤ ያም ሆኖ ማግስቱ ዓርብ፣ ቅዳሜውም የጾሙ መግቢያ ስለሆነ የተረፈው ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ቀረ። በ2024 ግን ኅዳር 19 ላይ ዋለ። ፕሮቴስታንቱ ጎረቤቴና ሙስሊሙ የሥራ ባልደረባዬ ይህ ጭንቀት የለባቸውም። እኔ ቤት ግን አንድ ጾመኛ አማት፣ አንዲት ግማሽ ጾመኛ ሚስት፣ እና ትምህርት ቤት መዳፋቸውን ወረቀት ላይ አሳርፈው ዙሪያውን በመሳል ተርኪ የሚሠሩ ሁለት የዚህ አገር ልጆች አሉ። «ከየት እንግዛ» ከማለታችን በፊት «ለመቼ እንግዛ» የሚለው ይመጣል። አንዳንዱ ቤተሰብ መልሱን አግኝቷል፦ ተርኪው ፍሪዘር ውስጥ ይተኛል፣ የሚወጣው ለገና ነው።

አማቴ አጥሩን ተደግፈው ወፎቹን አተኩረው ሲያዩ ቆዩና «ይሄ ጅግራ ነው እንጂ ምን ዶሮ ነው» አሉ። ላባ የሌለው ሰማያዊና ቀይ ራስ፣ የጎበጠ ጀርባ፤ እውነትም ጅግራ ያስታውሳል። ሳያውቁት የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሡትን ነገር መናገራቸው ነበር። ተርኪ የአሜሪካ ወፍ ነው፤ ያለመዱት የሜክሲኮ ሕዝቦች ናቸው፣ ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ ወሰዱት። እንግሊዞች ግን ከዚያ በፊት በቱርክ ነጋዴዎች እጅ ከአፍሪካ ይመጣላቸው ከነበረው ጅግራ ጋር አምታቱት፤ «የቱርክ ዶሮ» የሚለው ስም ለአሜሪካው ወፍ ተሰጠና በዚያው ቀረ። ሳይንሳዊ ስሙ ሜሌያግሪስ እንኳ ግሪኮች ጅግራን የሚጠሩበት ነበር። ቱርኮች በበኩላቸው «ሂንዲ» ይሉታል፣ የህንድ ለማለት። ፈረንሳዮችም ከህንድ አምጥተውታል፤ ፖርቱጋሎች ፔሩ ይሉታል፤ ዓረቦች የሮም አውራ ዶሮ። የእኔ ነው ያለው የለም። በስሙ ላይ እንኳ የትውልድ ቦታው የጠፋበት ወፍ «የት ነው ያደገው?» ቢባልለት አይበዛበትም።

ወደ ገበያው እንመለስ። በበዓሉ ሰሞን ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች በረዶ የሆነውን ተርኪ ለፓውንድ ከአንድ ዶላር በታች ይሸጡታል፤ ይህን ያህል ዕቃ ለገዛ በነፃ የሚሰጡም አሉ። ቸርነት አይደለም። ለተርኪው ብሎ የገባ ሰው ቅቤውን፣ ድንቹን፣ ክራንቤሪውን እዚያው ስለሚገዛ፣ ተርኪው ላይ የከሰሩትን ከሌላው ያወጡታል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ አሥራ አምስት እንግዳ ጠርቶ በሁለት ሥራ የሚኖር ሰው የአሥራ አምስት ዶላር ተርኪ ቢገዛ ብልህ ነው። ከገበሬ ቀጥታ ሲገዛ ግን ዋጋው ለፓውንድ ብዙ ጊዜ ከ5 ዶላር በላይ ነው፤ የድሮ ዝርያ ሲሆን 10 ዶላርንም ያልፋል። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

ገበሬዋ ያስረዳችን እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ጫጩቶች የሚታዘዙት ገና በክረምቱ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ አካባቢ፣ ከተፈለፈሉ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ብቻ ሆኗቸው፣ በፖስታ ቤት በካርቶን ይመጣሉ። እንቁላሉ 28 ቀን ነው የሚታቀፈው፤ ከዶሮ አንድ ሳምንት ይረዝማል። የመጀመሪያውን ሳምንት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ቤት ይፈልጋሉ። የተርኪ ጫጩት መብላት እንኳ ይማራል፤ ገበሬዎች መኖው ላይ የሚያብለጨልጭ ብይ የሚበትኑት፣ ጫጩቱ ብልጭታውን ልጭር ሲል ከጎኑ ያለውን እህል እንዲያገኝ ነው። መኖው ከዶሮ መኖ የበለጠ ፕሮቲን አለው፤ ለጫጩት 28 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ውድ ነው። ካደጉ በኋላ ወደ ሣሩ ሲወጡ ቀበሮና ጉጉት ይጠብቃቸዋል። «ከዶሮዎችሽ ጋር ለምን አታውያቸውም?» አስባሉኝ አማቴ። አይሆንም፤ ዶሮ ሳይታመም የሚሸከመው አንድ የጉበት በሽታ አለ፣ ተርኪ ላይ ሲደርስ መንጋውን ይጨርሳል። ሜሪላንድ ውስጥ ሰፊ ግቢ ገዝቼ ዶሮና ተርኪ አንድ ላይ አረባለሁ የሚል ሐበሻ ወዳጅ ያላችሁ ይህን ንገሩት።

አማቴ ይህን ሁሉ ሰምተው የመረጡት ከጥግ የቆሙትን ቀያዮቹን ነበር። አሥራ አምስት ይሆናሉ፤ ከመቶዎቹ ነጮች መሃል እንደ በርበሬ ቀልተው ይታያሉ። ለበዓል ቀይ ወይም ገብስማ አስመርጦ መግዛት የለመደ ዓይን ወደ ሌላ አይሄድም። «ቀዩን በላት።»

እነዚያ ቡርቦን ሬድ የሚባሉት ናቸው፤ መነሻቸው ኬንታኪ ውስጥ ያለ ቡርቦን የሚባል አውራጃ ነው። ነጮቹ ሰፊ ደረት ያለው ነጭ ተርኪ የሚባለው፣ ከሱፐርማርኬቱ ጋር አንድ ዝርያ። የሁለቱ ልዩነት የሐበሻና የፈረንጅ ዶሮ ልዩነት ነው ብዬ ባስረዳ እናንተ ወዲያው ትረዱኛላችሁ፤ አሜሪካዊ አንባቢ ግን ሦስት ገጽ ይፈልጋል። ነጩ ሥጋ እንዲያወጣ የተመረጠ ነው። ሴቷ በ14 ሳምንት፣ ወንዱ በ18 ሳምንት ገደማ ይደርሳል። ደረቱ ከመግዘፉ የተነሣ በተፈጥሮ መገናኘት አይችልም፤ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ዘር የለውም። ቀዩ ግን 28 ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ ይሮጣል፣ አጥር ላይ ይዘላል፣ እግሩ ጠንካራ ነው፣ ደረቱ ቀጭን ነው። በ1997 የአሜሪካ ብርቅዬ ዝርያዎች ጥበቃ ድርጅት ቆጠራ ሲያደርግ፣ በመላ አገሪቱ ለዘር የተያዙት የድሮ ዝርያ ተርኪዎች 1,300 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ነው በላተኛው እየፈለጋቸው የተረፉት፤ ሰው ስለበላቸው የዳኑ ወፎች ናቸው።

ከእነዚህ መሃል ልቤን የሚነካው ግን ሌላ ነው፤ ቤልትስቪል ትንሹ ነጭ። ቤልትስቪል ከሲልቨር ስፕሪንግ የአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በሥራ መንገድ ላይ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። እዚያ ያለው የመንግሥት የእርሻ ምርምር ማዕከል በ1930ዎቹ አንድ ጥያቄ ቀረበለት፦ ቤተሰቡ እያነሰ፣ ቤቱ አፓርታማ እየሆነ፣ ኦቨኑ እየጠበበ ነው፤ ለዚህ ሰው የሚሆን ተርኪ አውጡ። ከ1934 ጀምሮ አዳቅለው ከ8 እስከ 15 ፓውንድ የሚመዝን፣ ደረቱ የሞላ፣ ላባው ነጭ የሆነ ትንሽ ተርኪ አወጡ። በ1950ዎቹ አገር ምድሩ ገዛው። ከዚያ ግን ሆቴሎችና ሥጋ አቀናባሪዎች ትልቁን መረጡ፤ ገበሬውም ትልቁን ሴት ተርኪ ገና በልጅነቷ ቢያርዳት ያንኑ ክብደት በርካሽ እንደሚያገኝ ገባው። በ1970ዎቹ ትንሹ ነጭ ከገበያ ጠፋ ማለት ይቻላል። ዛሬ እኔ የምኖርበት አፓርታማ ኦቨን ፊት ቆሜ 24 ፓውንድ ተርኪ በየትኛው ጎኑ እንደማስገባ ስጨነቅ፣ ችግሩን ሰዎች በጎረቤት ከተማ ከዘጠና ዓመት በፊት ፈትተውት እንደነበር ማሰብ ያናድደኛል።

ያ አንድ ዓመት የገዛሁት 24 ፓውንድ ተርኪ የራሴ ጥፋት ነው። ሌላው ዓመት ላይ የደረሰብኝ ግን የእኔ ጥፋት ብቻ አልነበረም። አንድ የቅዳሜ ገበያ ላይ «ከአካባቢው እርሻ» የሚል በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ አይቼ፣ ገለባ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ የተደረደረውን አምኜ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ላስቲኩን ሳገላብጥ የፌዴራል ምርመራ ማኅተሙን አየሁት። ማኅተሙ ውስጥ «ፒ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ቁጥር አለ፤ የታረደበት ቄራ መለያ ነው፣ የእርሻ ሚኒስቴሩ ዝርዝር ውስጥ ስሙና አድራሻው ይገኛል። ፈልጌ አገኘሁት፤ ሚኒሶታ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሻጩን ስጠይቀው ሳያፍር «አከፋፋዩ ነው የሚያመጣልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ ሳልጠይቀው የገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ራሱ ያመረተውን ብቻ እንዲሸጥ ደንብ ያላቸውን ገበያዎች እመርጣለሁ፤ ዲሲ ዱፖንት ሰርክል ላይ እሑድ እሑድ የሚቆመው አንዱ ነው። እዚያም ቢሆን በጥቅምት ካልተመዘገቡ በኅዳር ባዶ እጅ መመለስ አለ።

«የአካባቢው» የሚለው ቃል የሚያሳስተው በሌላም በኩል ነው። ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሸናንዶዋ ሸለቆ ስትደርሱ፣ ሮኪንግሃም አውራጃ መግቢያ ላይ፣ በአሮጌው 11 ቁጥር መንገድ ዳር፣ የተርኪ ሐውልት ይቀበላችኋል። አንበሳ አይደለም፣ ፈረሰኛ ጄኔራል አይደለም፣ ተርኪ ነው። ቻርልስ ዋምፕለር የተባለ ሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ተርኪን በብዛት በሰው ሠራሽ ሙቀት ማርባት የጀመረው እዚህ ነው፤ አውራጃው ራሱን የተርኪ መዲና ብሎ ይጠራል። በ2004 አንድ ትልቅ ኩባንያ የተርኪ ፋብሪካውን ሊዘጋ ሲል ገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ፋብሪካውን ገዙ። እንግዲህ ከሱፐርማርኬቱ ፍሪዘር የምታወጡት ተርኪ፣ የገበሬዎች ገበያ ላይ ከፔንሲልቬንያ ተጭኖ ከመጣው ይልቅ ለቤታችሁ ቅርብ ቦታ ያደገ ሊሆን ይችላል። ግን ያደገው በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች በሚታጎሩበት ረጅም ቤት ውስጥ ነው። በዚያው ሸለቆ፣ በአጎራባቹ ኦገስታ አውራጃ፣ ጆኤል ሳላቲን የተባለው ስመ ጥር ገበሬ ፖሊፌስ በሚለው እርሻው ተርኪና ዶሮ በሣር ላይ እያዘዋወረ ያረባል፤ የፈለገ ሰው ሄዶ እንዲያይ በሩ ክፍት ነው። ሁለቱም የአካባቢ ናቸው። ኪሎ ሜትር መቁጠር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ላስቲኩ ላይ የተጻፈውስ? ብዙው ጽሑፍ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነገር ነው የሚናገረው። «ትኩስ» ማለት ትናንት ታረደ ማለት አይደለም፤ ቅዝቃዜው ከ26 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች ከ3 ሴንቲግሬድ፣ ወርዶ አያውቅም ማለት ብቻ ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ከታረደ በኋላ ብዙ እንዳልተነካካ ይናገራል፤ ወፉ እንዴት እንደኖረ አይናገርም። «ሆርሞን የሌለው» የሚለው ይገርመኛል፤ በዚህ አገር ለተርኪም ለዶሮም ሆርሞን መስጠት በሕግ ክልክል ነው፣ ስለዚህ ማንኛውም ተርኪ የሌለውን እንደሌለው ማወጅ ነው። «ከቤት የሚወጣ» የሚለው ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ነበረው ይላል፤ ስለ መውጣቱ አይምልም። «ኦርጋኒክ» የሚለው ከሁሉም ይሻላል፤ መኖውም አንቲባዮቲኩም በደንብ የታሰረ ነው። አንድ ግን በጥንቃቄ የሚነበብ ትንሽ ጽሑፍ አለ፦ ጨውና ውሃ ተወግቷል የሚለው። ርካሾቹ በብዛት እንዲህ ናቸው። ይህን ሳያይ እንደኛ በጨውና በሎሚ አሽቶ ያሳደረ ሰው ሐሙስ ዕለት ሲቆርስ እንባው ይመጣል።

በሎሚና በጨው ማጠብ ካልኩ ዘንድ፣ የእርሻ ሚኒስቴሩ ተርኪን ጭራሽ አትጠቡ ይላል፤ ጀርሙ በፍንጣሪው ኩሽናውን ያዳርሳል ብሎ። አማቴ ይህን ስተረጉምላቸው ዝም ብለው አዩኝ። አንዳንድ ዝምታ አይተረጎምም። በቤታችን የተደረሰው ስምምነት ይታጠባል፣ ከዚያ ማጠቢያው በበረኪና ይታጠባል የሚል ነው።

ለሐበሻ ገዢ ግን ከዝርያውም ከመኖውም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ማን አረደው? ክርስቲያኑ በስመ ሥላሴ፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደውን ለይቶ የሚበላበት ባህል ውቅያኖስ ተሻግሮም ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ለሐላል ተርኪ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያሉ ሥጋ ቤቶች በበዓሉ ሰሞን ትእዛዝ ይቀበላሉ። የሥራ ባልደረባዬ ግን ከእርሻው ራሱ ሄዶ ራሱ ያርዳል። ይህ የሚቻለው ትንሽ እርሻ ላይ ነው፤ በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ጥቂት ወፍ ብቻ ለሚያርድ ገበሬ በየቀኑ ተቆጣጣሪ ሳይቆምበት ግቢው ውስጥ አርዶ እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ ንጽሕናው ሳይጓደል፣ ከግዛቱም ሳይወጣ። ገዢ በእጁ እንዲያርድ የሚፈቅድም የማይፈቅድም ገበሬ አለ፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቀብዱን ከመክፈል በፊት በስልክ መጠየቅ ነው። የእኛዋ ገበሬ አትፈቅድም። አማቴ «እሷ ክርስቲያን ናት?» አሉኝ። ጠየቅኋት፤ ሳቀችና የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ መሆኗን ነገረችን። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ቀያዮቹ ግን አልተገኙም። አሥራ አምስቱም በነሐሴ ቀብድ ተከፍሎባቸዋል። አማቴ ይህን ሲሰሙ ወደ መኪናው ሊመለሱ ነበር፤ ገበሬዋ ነጮቹን ለ20 ሳምንት በሣር ላይ እንደምታቆይ፣ ጠዋት ከተከፈተላቸው እስኪመሽ ቤት እንደማይገቡ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው። ሁለቱ ያለ እኔ መግባባት ጀመሩ። አማቴ የወፎቹን እግር አዩ። ንጹሕ ነው፣ አልቆሰለም፣ ሸፋፋ ሆኖ የቆመ የለም። ዓይናቸው ነቅቷል። «እሺ» አሉ። 40 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ። አሁን ሳስበው እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እግሩን ማየት ትዝም አይለኝም፤ ስለ ዝርያ ብዙ አንብቤ ነበርና ዓይኔ ቀለም ላይ ነበር። ቀዩ ስለቀላ ብቻ አይጣፍጥም። ነጩም በአሥራ አራት ሳምንት ካልተቀጨ፣ ከሮጠና ከጫረ፣ እግሩ ሌላ ሥጋ ነው።

የበዓሉ ሳምንት ማክሰኞ ተመልሰን ሄድን። የመኪናው ሰልፍ እስከ ዋናው መንገድ ደርሷል። ድንኳን ሥር ሚዛን፣ በረዶ የተሞሉ ሣጥኖች፣ በየላስቲኩ ላይ ስም። 14 ፓውንድ ነበር ያዘዝነው፤ የእኛ 17 ከግማሽ ወጣ። ገበሬ ክብደት ቃል መግባት አይችልም፤ ዘንድሮ መጸው ሞቀ፣ በሉ፣ ወፈሩ። ለሰው አንድ ፓውንድ ወይም አንድ ተኩል ብሎ የሚያሰላ ሰው ይህን ከግምት ቢያስገባ፣ ኦቨኑንም አስቀድሞ በሜትር ቢለካው ጥሩ ነው። ገንዘቡን ከፍዬ ዞር ስል አማቴ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል። በላስቲኩ ላይ፣ በአውራ ጣታቸው፣ ደረቱን ይዳብሳሉ። ገበሬዋ አይታ ፈገግ አለች፤ አሁን መከልከል የለም።

ለሐሙሱ ልጆቹና እንግዶቹ የበሉት የሱፐርማርኬቱን ነው፤ በነፃ የተገኘውን። አላፍርበትም፣ ግሬቪ ሲፈስበት ሁሉም ዝም ብሎ በላ። አማቴ ሽሮአቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። የገበሬዋን ተርኪ ፍሪዘር ውስጥ አስተኝተነዋል። ትኩስ ተብሎ ውድ የተገዛን ሥጋ በቤት ፍሪዘር ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ብልህነት አይደለም፤ ብዙ እርሻዎች በታኅሣሥም ለፈረንጅ ገና ትኩስ ያወጣሉ፣ ወይም የተረፋቸውን ራሳቸው በፍጥነት አቀዝቅዘው በቅናሽ ይሸጣሉ፤ ለጃንዋሪ 7 ለምንፈልገው ለእኛ የሚሻለው ያ ነው። ይህን ለአማቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ደረቱን የዳበሱትን ወፍ ትተው ሌላ አይወስዱም።

ጃንዋሪ 2 ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አወረድነው። ለየ4 ወይም 5 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ነው የሚያስፈልገው፤ ማታ አውጥቶ ጠዋት እንደ ዶሮ እቆርጣለሁ የሚል ሰው ከበረዶ ጋር ይታገላል። በዋዜማው ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ አማቴ ቢላቸውን ስለው ሥራ ጀመሩ። ሐሳባችን እግርና ክንፉን ለወጥ፣ ሌላውን በበርበሬና በንጥር ቅቤ ቀብተን ኦቨን ውስጥ ነበር። ለኦቨኑ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ፤ ወፍራሙ ሥጋ ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በስሏል። አማቴ ወጥ የሚለካው በምላስ ነው ብለው አልተቀበሉኝም።

መጀመሪያ ቅልጥሙ ላይ ቆሙ። ተርኪ ሲያድግ የእግሩ ጅማት አጥንት ይሆናል፤ እንደ ወፍራም ስንጥር። «ይሄ ሽቦ ነው!» እያሉ አንድ በአንድ በፒንሳ መዘዙ። ከዚያ ቀጠሉ፦ ጭን፣ ክንፍ፣ አንገት፣ መላላጫ፣ ፈረሰኛ። በሹክሹክታ ይቆጥራሉ። ምራት የቆረጠችው ዶሮ ቁጥሩ ቢጎድል ዓመቱን ሙሉ የሚወራበት ዘመን ነው የመጡበት። አሥራ ሁለት ሲሉ ቢላውን አስቀመጡ።

መክተፊያው ላይ ግን ገና የሕፃን ልጅ ትራስ የሚያህል ደረት ተቀምጧል፤ ሰዎች መቶ ዓመት ሙሉ ሲያሰፉት የኖሩት ደረት። አማቴ አገላብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ደግመው ጫን አደረጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼንንስ ምን እንበለው?»